ዘጠና አራት ቃል በአንድ ላሜራ

የንጋት የእህል ወፍጮ አገልግሎት የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ናዝሬት
የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ዕለቱ ቅዳሜ ግንቦት 6 ቀን 1975 ዓ.ም. ነው። ስብሰባው የተጠራው ለጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን የተጀመረው 3 ሰዓት ከ45 ነው። ቦታው ወፍጮ ቤቱ ውስጥ፣ ከሚዛኑ አጠገብ ነው። በጽሕፈት ቤቱ ያልተደረገው ቁልፉ በጓድ ሆራ ኪስ ሆኖ ሻሸመኔ ስለ ሄደ ነው።

የተገኙ አባላት፦
1. ጓድ አብተው ሐዲስ፣ ሊቀ መንበር
2. ጓድ መርጋ ጆቴ፣ የቅስቀሳና ፕሮፓጋንዳ ኃላፊ
3. ጓድ ፈዬራ ገመዳ፣ የሞተር ኃላፊ
4. ጓድ አሰለፈች ሸዋንግዛው፣ የሴቶች ተጠሪ፤ በሥራ መደባቸው እህል መዛኝና ዱቄት ነፊ

ያልተገኙ፦ ጓድ ሆራ፣ የንብረት ክፍል፣ ከላይ በተገለጸው ምክንያት።

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ አቶ ኃይለየሱስ፣ ሰዓሊ፣ ቀለማቸውን፣ ብሩሻቸውንና አንድ ላሜራ ይዘው፤ እንዲሁም የእጅ ጽሑፏ ይነበባል ተብሎ በጸሐፊነት የተመደበችው ዘመናይ።

ከአምስት አባላት አራቱ ስለተገኙ ምልአተ ጉባኤ ተሟልቷል። ጓድ ፈዬራ ሃያ ዓመት ከሞተር ጎን የኖሩ በመሆናቸው በለሆሳስ የሚናገሩትም ቢሆን ከውጭ እንደሚሰማ ይታወቃል፤ ስለዚህ ንግግራቸው በዚህ ቃለ ጉባኤ ውስጥ እንደ ጩኸት አልተመዘገበም። በተጨማሪም ከአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ ላይ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት፣ ከረጢታቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠው ነበር። እያንዳንዱ አባል የሌላው አባል እንግዳ ስለመሰሉት ማንም አልጠየቃቸውም።

የስብሰባው መነሻ

ጓድ ሊቀ መንበሩ ከበላይ አካል የደረሰውን ደብዳቤ በንባብ አሰምተዋል። ደብዳቤው የማኅበሩ ሞተር በገበያ ቀን እንኳ ግማሹን ቀን ሥራ ፈቶ እንደሚውል መታወቁን፣ እስከ ሰኔ መጨረሻ ካልተሻሻለ ግን ተነቅሎ ወደ ሌላ አውራጃ እንደሚዛወር ይገልጻል። ጓድ ፈዬራ ይህን ሞተር በገዛ እጃቸው የተከሉት መሆኑን አስታውሰው፣ «ሞተሩ በመኪና ከተጫነ እኔንም አብራችሁ ጫኑኝ» ብለዋል። አነጋገሩ እንደ ስሜት እንጂ እንደ ዝውውር ጥያቄ እንዳይያዝ ተስማምተናል።

ሕዝቡ ለምን እንደማይመጣ ሲጠየቅ ጓድ አሰለፈች መልስ ሰጥተዋል። ከገጠሩ፣ ከቦኩ በኩል አህያ ጭኖ የሚመጣ ገበሬ አደባባዩ ላይ ሲደርስ መንገዱ ሁለት ይሆንበታል። በቀኝ ሌላ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከመንገዱ ዳር ስለሆነ ከሩቅ ይታያል። የእኛ በግራ በኩል ከጋሪ ማቆሚያው ጀርባ ነው፤ የሚያውቀው ይመጣል፣ የማያውቀው ቀኙን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አደባባዩ ላይ ታፔላ ይሰቀል ብለዋል። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ተደግፏል። በዚህ ስብሰባ በሙሉ ድምፅ የተደገፈ የመጨረሻው ሐሳብ ይህ ነው።

አጀንዳ አንድ፦ ታፔላው ላይ ምን ይጻፍ

ሰዓሊው በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እንዲያቀርቡ ተፈቅዶላቸው፣ «የሚያነበው ሰው ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጓድ ሊቀ መንበሩ ሰፊው ሕዝብ ምን ጊዜም ወደ ፊት እየተራመደ መሆኑን አስረድተዋል። ሰዓሊው «እንግዲያው አጭር ይሁን» ብለዋል። ይህ እንደ ሐሳብ ተይዞ ወደ ሥራ ተገብቷል።

ጓድ ሊቀ መንበሩ ሌሊቱን ያዘጋጁትን ረቂቅ አቅርበዋል። ረቂቁ የማኅበሩን ሙሉ ስም፣ ያለበትን አውራጃና ክፍለ ሀገር፣ የተቋቋመበትን ዓመተ ምሕረትና የምዝገባ ቁጥሩን ይዟል። ጓድ መርጋ ረቂቁ ሕይወት ይጎድለዋል ብለው ሦስት መፈክሮች እንዲጨመሩ ጠይቀዋል። ከሦስቱ አንደኛው «የተፈጨ እህል ለሰፊው ሕዝብ» የሚል ነበር። ጓድ አሰለፈች ያልተፈጨ እህል ለማን እንደሚሆን ጠይቀዋል።

ጓድ አሰለፈች በበኩላቸው ሰው የሚፈልገው ምን እንደሚፈጭለት ማወቅ ነው በማለት ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ሽምብራ በየስማቸው እንዲጻፉ አሳስበዋል። በርበሬ ይጨመር አይጨመር በሚለው ላይ ሃያ ደቂቃ ክርክር ተደርጓል። ጓድ ፈዬራ በርበሬ የሚያስነጥሰው እሳቸውን እንጂ ኮሚቴውን ስላልሆነ ጉዳዩ በቀላሉ እየታየ መሆኑን ገልጸዋል። በመጨረሻም በርበሬ «በተለየ ቀን» ተብሎ ገብቷል። ጓድ ፈዬራ ደግሞ እርጥብ እህል፣ ጠጠር ያለበት እህልና ሚስማር ያለበት እህል እንደማይፈጭ የሚያስጠነቅቅ መስመር አስጨምረዋል። በታኅሣሥ ወር ከአንድ ቁና ስንዴ ውስጥ የወጣውን ሚስማር ከኪሳቸው አውጥተው አሳይተዋል፤ ሚስማሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ተመልሶላቸዋል። ቀጥሎም አህያ በር ላይ ማሰር ክልክል መሆኑ፣ የሥራ ሰዓትና የሊቀ መንበሩ ሰላምታ ተጨምረዋል።

ሰዓሊው የተባለውን ሁሉ በጠመኔ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ጽፈው ቃላቱን ቆጥረዋል። ዘጠና አራት ሆነዋል። ላሜራውን በስንዝር ለክተውም እያንዳንዱ ፊደል የባቄላ ፍሬ እንደሚያህል ካስታወቁ በኋላ፣ «ይህን ከአደባባዩ ማዶ የሚያነበው ሰው አይደለም፣ ጭልፊት ነው» ብለዋል። ሰሌዳው ይስፋ ወይስ አንባቢው ይቅረብ በሚለው ላይ ውይይት ተደርጎ፣ ሌላ ላሜራ ስለሌለ አንባቢው እንዲቀርብ ተወስኗል። ሰዓሊው አህያ የሚነዳ ሰው ለማንበብ ሲጠጋ አህያዋ ዝም ብላ እንደማትጠብቀው አስገንዝበዋል። ለአህያዋ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ኃላፊነት እንደማይወስድ ተገልጾላቸዋል።

በዚህ ጊዜ ሰዓሊው የራሳቸውን ሐሳብ እንዲያቀርቡ ተጠየቁ። ላሜራው መካከል በትልቁ «ወፍጮ» የሚል አንድ ቃል ብቻ ይጻፍ አሉ። ጓድ ሊቀ መንበሩ፣ «አንድ ቃል ለመጻፍማ ኮሚቴ አያስፈልግም» ሲሉ ሰዓሊው፣ «እኔም ይህንኑ ነው የምለው፣ ጌታዬ» ብለው መልሰዋል። «ጌታዬ» የሚለው ቃል ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዝ ጓድ መርጋ አሳስበዋል። ለመሰረዝ በቅድሚያ መጻፍ ስለነበረበት ተጽፏል።

ጓድ መርጋ የቀረው የላሜራ ክፍል ምን እንደሚሆን ጠየቁ። ሰዓሊው ባዶ ይሆናል አሉ። የማኅበሩ ንብረት በአደባባይ ባዶውን ሲውል ማን እንደሚጠየቅ ተጠየቁ። ሰዓሊው ወደ ሚዛኑ እያመለከቱ፣ «የአሥር ሰው እህል እዚህ ላይ አንድ ላይ ቢደፋ የማንን ትመዝናላችሁ? ቃልም እንደዚሁ ነው። ዙሪያው ሲለቀቅለት ነው የሚታየው» በማለት አስረድተዋል። ጓድ አሰለፈች ራሳቸውን ነቅንቀዋል። መነቅነቁ ድጋፍ ይሁን ተቃውሞ ሲጠየቁ፣ ሰውየው እውነቱን ነው ብለዋል።

ስለ ቀለም በተደረገው ውይይት ጓድ መርጋ መደቡም ፊደሉም ቀይ እንዲሆን ሐሳብ አቅርበዋል። ሰዓሊው ቀይ በቀይ ላይ ቢጻፍ ጽሑፉ መኖሩን የሚያውቁት ራሳቸው ሰዓሊው ብቻ እንደሚሆኑ አስረድተዋል። ጓድ መርጋ ግለ ሂስ አድርገዋል፤ ፊደሉ ቀይ ይሁን፣ መደቡ ደግሞ ቀላ ያለ ይሁን ብለዋል።

ከረዥም ውይይት በኋላ ዘጠና አራቱም ቃላት እንዲጻፉ በሦስት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ተወስኗል። ተቃዋሚዋ ጓድ አሰለፈች የራሳቸውን የእህል ዝርዝር ጭምር እንደሚቃወሙ በግልጽ ተናግረዋል።

አጀንዳ ሁለት፦ ማንበብ ለማይችል ሰው ምን ይደረግ

ጓድ ፈዬራ ከሚመጣው ገበሬ እኩሌታው ኦሮምኛ ተናጋሪ ስለሆነ በኦሮምኛም ይጻፍ አሉ። ሐሳቡ በሦስት ድምፅ አለፈ። ጓድ ፈዬራ «መነ ዳኩ» ይባል ሲሉ ጓድ መርጋ እሳቸው ባደጉበት አካባቢ ወፍጮ ቤት «ባቡራ» እንደሚባል ገለጹ። ሁለቱ ጓዶች ጉዳዩን በኦሮምኛ ለሩብ ሰዓት ተወያይተውበታል። ጸሐፊዋ ቋንቋውን በከፊል ስለምትሰማ በከፊል ትመዘግበው ነበር፤ የሰማችው ክፍል ግን የሚመዘገብ አልነበረም። ጓድ አሰለፈች የባቡር ጣቢያ ባለበት ከተማ «ባቡራ» የሚል ታፔላ ከተሰቀለ ሕዝቡ ሻንጣውን ይዞ እንደሚመጣ ሲናገሩ ክርክሩ ቆሟል። «መነ ዳኩ» በሚለው ላይ ስምምነት ስለተደረሰ ዘጠና አራቱም ቃላት ወደ ኦሮምኛ እንዲተረጎሙ ተወስኗል። ሰዓሊው በዚህ ጊዜ ላሜራውን ገልብጠው ጀርባውን ተመልክተዋል።

በሥዕሉ ጉዳይ ጓድ መርጋ ጭስ የሚተፋ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ እንዲሣል ሐሳብ አቅርበዋል። ወፍጮ ቤታችን ጭስ ማውጫ የለውም ሲባሉ ወደ ፊት እንደሚኖረው መልሰዋል። ጓድ አሰለፈች ከረጢት የተሸከመች ሴት ትሣል አሉ። ጓድ መርጋ ይህ ሴቲቱ አሁንም በጭቆና ላይ እንዳለች ያስመስላል በማለት ተቃወሙ። ጓድ አሰለፈች ከረጢቱን ጓድ መርጋ ተሸክመውት ቢሣሉ ቅር እንደማይላቸው ገልጸዋል።

ሰዓሊው በወጣትነታቸው በየአድባራቱ ብዙ ሥዕል የሠሩ ሰው ናቸው። የምን ሥዕል እንደሆነ ጉባኤው አልጠየቀም፣ እሳቸውም አልተናገሩም። አህያ አሳምረው እንደሚሥሉ ግን አስታወቁ፤ በአንድ በዓል ሥዕል ላይ አህያ የግድ ስለምታስፈልግ ለምደዋታል። ከረጢት የጫነች አህያ፣ ፊቷ ወፍጮ ቤቱ ወዳለበት ወደ ግራ የዞረች ይሁን አሉ። ጓድ ሊቀ መንበሩ በማኅበር ስም አህያ መውጣቷ ክብር እንዳይነካ ሥጋት እንዳላቸው ተናገሩ። ጓድ መርጋ ግን ባልተጠበቀ ሁኔታ ሐሳቡን ደገፉ፤ አህያዋ ወደ ግራ ማየቷ ከመስመሩ ጋር የሚስማማ ነው ብለዋል።

ሆኖም ጓድ ፈዬራ ከከተማው በኩል ለሚመጣ ሰው ወፍጮ ቤቱ በቀኝ ስለሚሆን በታፔላው ጀርባ ያለችው አህያ ወደ ቀኝ ማየት እንደሚኖርባት አስገነዘቡ። ጓድ መርጋ ድጋፋቸውን አንስተዋል። በአንድ ላሜራ ላይ አንዷ ግራ፣ አንዷ ቀኝ የሚያዩ ሁለት አህዮች መኖራቸው ሕዝቡን ያደናግራል፤ አድርባይነትንም ያስተምራል በማለት አስረድተዋል። ድምፅ ሁለት ለሁለት ሲሆን ጓድ ሊቀ መንበሩ በወሳኝ ድምፃቸው አህያዋ ወደ ፊት ለፊት እንድታይ ወስነዋል። ሰዓሊው ወደ ፊት ለፊት የምታይ አህያ መንገድ እንደማታሳይ፣ ሰውን ብቻ እንደምታይ ገልጸዋል። ሐሳባቸው ውሳኔው ካለፈ በኋላ ስለመጣ አልተስተናገደም።

አጀንዳ ሦስት፦ የታፔላው መስቀያ ቦታ

አጀንዳው እንደተነበበ ከአግዳሚ ወንበሩ ጫፍ የተቀመጡት ሴት ተነሥተው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው፣ «አካም ኦልተን። ተራዬ ገና ነው ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። ሰዓቱ 6 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ደቂቃ ቀርቶታል። ማን እንደሆኑ ሲጠየቁ ወይዘሮ ዲንቄ እንደሚባሉ፣ ከቦኩ በኩል እንደመጡና ግማሽ ኩንታል ጤፍ ለማስፈጨት ከጠዋት ጀምሮ ወረፋ እንደያዙ ተናገሩ። ከጓድ አሰለፈች በቀር ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት ሰዎች የቀደሟቸው ባለ እህሎች መስለዋቸዋል። ሰዎቹ ለምን ሰልፉን ትተው እንደሚጨቃጨቁ ግን አልገባቸውም ነበር።

ጓድ መርጋ ይህ የሕዝብን አስተያየት ለመስማት መልካም አጋጣሚ ነው አሉ። ወይዘሮ ዲንቄ የመሠረተ ትምህርት ፈተና አልፈው የምስክር ወረቀት እንደያዙ ስለገለጹ በሩ ላይ በጠመኔ የተጻፈውን እንዲያነቡ ተጠየቁ። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ሲጨርሱ የሊቀ መንበሩ ሰላምታ ላይ ቆመው ላባቸውን ጠርገዋል። ንባቡ አሥራ ሰባት ደቂቃ ፈጅቷል፤ አንድም ፊደል አልሳቱም። ጓድ ሊቀ መንበሩ እጅግ ተደስተው፣ «እንግዲህ እናታችን፣ በዚህ ጽሑፍ መሠረት ይህ ምን ቤት ነው?» ሲሉ ጠየቋቸው።

«ቢሮ» አሉ ወይዘሮ ዲንቄ።

«ምን የሚሠራበት ቢሮ?»

«እሱን እንጃ። የታሰረ ሰው የሚጠየቅበት ነው መሰለኝ። አይቆጡኝና፣ ብዙ የተጻፈበት ቤት እኔን የሚጠራኝ አይደለም፣ የሚጠይቀኝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መንገድ ላይ ካየሁ አህያዬን ቶሎ ነድቼ አልፋለሁ።»

ወፍጮ፣ ጤፍና ስንዴ የሚሉትን ቃላት አንብበው የለም ወይ ተባሉ። አንብቤያለሁ፣ ግን እዚያ ስደርስ የመጀመሪያው ጠፍቶኛል አሉ። ሰዓሊው ብሩሻቸውን ነጭ ቀለም ውስጥ ነክረው የላሜራውን ጀርባ መቀባት ጀምረዋል።

ጓድ ፈዬራ፣ «ታፔላ ሳይኖር ታዲያ አንቺ እንዴት አገኘሽን?» ብለው ጠየቁ። ወይዘሮ ዲንቄም በሰፈራቸው ይህን ቤት የማያውቀው ጥቂት እንደሆነ፣ የሚያውቀው ግን «መነ አሰለፈች»፣ ማለትም የአሰለፈች ቤት እያለ እንደሚጠራው አስረዱ።

 ጓድ ሊቀ መንበሩ ምናልባት «መነ አብተው» የሚለው ሰው እንዳለ ጠየቁ። ወይዘሮ ዲንቄ በቅን ልብ፣ «አብተው ማን ናቸው?» አሉ። ተነገራቸው። ወይዘሮ ዲንቄ እጃቸውን ዘርግተው በአክብሮት ሰላም አሏቸው፤ ጤናቸውንና የልጆቻቸውን ደኅንነት ጠየቁ። ጓድ ሊቀ መንበሩ ደኅና መሆናቸውን ገልጸዋል። ድምፃቸው ግን ደብዳቤውን ሲያነቡ እንደነበረው አልነበረም።

ለምን በአሰለፈች ስም እንደሚጠራ ሲጠየቁ ወይዘሮ ዲንቄ እንዲህ ብለዋል፦ «አምና ክረምት ከረጢቴ ተቀዶብኝ ዱቄቴ መሬት ሊፈስ ነበር። አዴ አሰለፈች መርፌ አውጥታ ሰፋችልኝ። ከነጠላዋ ጫፍ ክር መዛ ነው የሰፋችው፣ አይቻታለሁ። ደግሞ የሰው ዱቄት ከሰው ዱቄት አትቀላቅልም። የኔ ጤፍ ማኛ ከሆነ ማኛ ይዤ ነው የምመለሰው። ይህን ለእህቴ ነገርኩ፤ እህቴም ለማኅበርተኞቿ ነገረች። ሌላ ምን አለ?»

ጓድ መርጋ የሕዝብ ንብረት በግለሰብ ስም መጠራቱ አደገኛ ዝንባሌ በመሆኑ ጓድ አሰለፈች ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ጠየቁ። ጓድ አሰለፈች ስሙን እሳቸው እንዳላወጡት፣ ሰው በስማቸው ሲጣራም እሳቸውን የፈለገ እንጂ ቤቱን የጠራ መስሏቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ነክተዋል፤ ዱቄት ነው ብለዋል። ቀጥለውም በሚመጣው የገበያ ቀን ወንፊቱን ይዞ እስከ ማታ የሚቆም ጓድ ካለ ስሙን በደስታ እንደሚያስረክቡ አስታወቁ። ወንፊቱን የሚረከብ አልቀረበም።

ወይዘሮ ዲንቄ መናገር ስለተፈቀደላቸው አንድ ነገር እንዲጨምሩ ጠየቁ። ዛሬ ቤቱን ሁለት ጊዜ እንዳለፉት ተናገሩ። መንገዱን ያውቁታል፤ የሞተር ድምፅ ስላልሰሙ ግን የተዘጋ መስሏቸዋል። አብረዋቸው የመጡት አምስት ጎረቤቶቻቸውም በዚሁ ምክንያት ቀኙን ይዘው ሄደዋል። «ሞተሩ ተበላሽቶ ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጓድ ፈዬራ ሞተሩ ጤነኛ መሆኑን፣ የጠፋው ኮሚቴው እርስ በርስ እንዲሰማማ በሊቀ መንበሩ ትእዛዝ እንደሆነ አስረዱ። ገበያ የማይመጣበትን ምክንያት ለማጥናት በገበያ ቀን ሞተር ጠፍቶ መሰብሰቡ ትክክል ነበር ወይ የሚል ጥያቄ ከጓድ ፈዬራ ቀርቦ፣ በልዩ ልዩ ጉዳዮች ሥር እንዲታይ ተላልፏል።

ልዩ ልዩ ጉዳዮች

በዚህ መካከል ሰዓሊው መቀባታቸውን ጨርሰው ላሜራውን አቆሙት። በነጭ መደብ ላይ በጥቁር ቀለም፣ እያንዳንዱ ፊደል ስንዝር እያከለ «ወፍጮ» ይላል። ከሥሩ ትንሽ አነስ ብሎ «መነ ዳኩ» ይላል። ከጎኑ ከረጢት የጫነች አህያ አለች፤ ፊቷም ወደ ግራ ነው። ወይዘሮ ዲንቄ ገና ከመቀመጫቸው ሳይነሡ «ወፍጮ» ብለው አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። በግራቸው የነበረው ግድግዳ ነው።

ጓድ ሊቀ መንበሩ ይህ ያልተወሰነ ታፔላ መሆኑን አስገነዘቡ። ሰዓሊው ቀለሙ ፀሐይ ይፈልጋል ብለው ላሜራውን ተሸክመው ወደ አደባባዩ ወጡ። ያልተወሰነ ነገር እንዳይፈጸም ጓድ መርጋ በታዛቢነት አብረው እንዲሄዱ ታዘዙ። ወይዘሮ ዲንቄም አህያቸውን ለማየት ተከተሉ።

ጓድ መርጋ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ተመልሰው የሚከተለውን ሪፖርት አቅርበዋል። ሰዓሊው ታፔላውን ከአደባባዩ ጥግ ካለው የባሕር ዛፍ ግንድ ጋር አስደግፈው፣ ዕረፍት ለማድረግ ነው ብለዋል። ወዲያው ሁለት ሴቶች አህዮቻቸውን ወደ ግራ መልሰዋል። ቀጥሎ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቆሙ፤ ማንበብ ስለማይችሉ አህያዋን አይተው ዞሩ። ከዚያ አራተኛዋ ባለ አህያ ለጓድ መርጋ፣ «የማን ወፍጮ ነው?» የሚል ጥያቄ አቀረበችላቸው። ጓድ መርጋ የማኅበሩን ሙሉ ስም መናገር እንደጀመሩ፣ ሴቲቱ ግን አህያዋን ወደ ቀኝ እየነዳች መሆኗን ሲያዩ፣ «የአሰለፈች» እንዳሉ በግለ ሂስ መልክ ለጉባኤው አስታውቀዋል። ይህን ያሉት ሕዝቡን በሚገባው ቋንቋ ለመቀስቀስ ብቻ ነው። ሴቲቱ ወደ ግራ ተመልሳለች።

ሪፖርቱ ሳያልቅ በሩ ላይ ሰባት አህዮች ቆመው ነበር። ጓድ ፈዬራ ፈቃድ ሳይጠይቁ ተነሥተው ወደ ሞተራቸው ሄዱ። ጓድ አሰለፈች ወንፊታቸውን አነሡ። ስለሆነም ስብሰባውን ለመቀጠል የሚያስፈልገው ምልአተ ጉባኤ በአንድ ክፍል ውስጥ ሆኖ በሥራ ላይ ተበትኗል።

ጓድ መርጋ ወይ ታፔላው ይውረድ፣ ወይ ውሳኔዎቹ ይውረዱ፤ ሁለቱ አብረው መቆም አይችሉም አሉ። ጓድ ሊቀ መንበሩ ወደ በሩ ሄደው ለረዥም ጊዜ ውጭ ውጭውን ተመለከቱ። የአንዲት አሮጊት ከረጢት ከአህያዋ ጀርባ ሊንሸራተት ሲል ደግፈው ይዘው ራሳቸው ሚዛኑ ላይ አወጡት። ይህ በሥራ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም። አሮጊቷ መርቀዋቸው ስማቸውን ጠይቀዋል፤ ጓድ ሊቀ መንበሩም ያለ ማዕረግ ተናግረዋል። ኮታቸው ዱቄት እንደለበሰ ወደ ጸሐፊዋ ተመልሰው የሚከተለውን አጽፈዋል፦

አንደኛ፣ ስለ ዘጠና አራቱ ቃላትና ስለ ትርጉማቸው የተሰጠው ውሳኔ ተሽሯል። ሁለተኛ፣ ወደ ፊት ለፊት እንድታይ የተወሰነባት አህያ ነጻ ናት። ሦስተኛ፣ በአጀንዳ ሦስት ላይ ገና ያልተወሰነው ውሳኔ ከወዲሁ ተሽሯል። አራተኛ፣ አደባባዩ ላይ ያለው ታፔላ በማንም ውሳኔ ያልተሰቀለ መሆኑ ተወስኗል፤ በማንም ውሳኔ ስላልተሰቀለም በማንም ውሳኔ አይወርድም። አምስተኛ፣ ሕዝቡ ቤቱን በምን ስም እንደሚጠራ ኮሚቴው አልሰማም። ስድስተኛ፣ ይህ ስብሰባ እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ቃለ ጉባኤው ግን አለመደረጉ እንዲታወቅ በፋይል ይቀመጣል።

ያልተደረገው ስብሰባ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ20 ላይ ተጠናቋል።

የጸሐፊዋ ማስታወሻ

ይህ ቃለ ጉባኤ በንጹሕ የተገለበጠው ከአሥር ሳምንት በኋላ ነው። መዘግየቱ ጸሐፊዋ ከዚያ ቀን ወዲህ እህል ስትመዝን በመዋሏ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ሞተሩን ለመንቀል የመጡ ሁለት ባለሙያዎች ወረፋው ረዝሞ ስላገኙት፣ የሚነቀለው የትኛው ሞተር እንደሆነ በጽሑፍ እንዲገለጽላቸው ጠይቀው ተመልሰዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ደብዳቤ የለም።

ለፊርማ በተጠራው ዕለት ጓድ ሆራን ጨምሮ አምስቱም አባላት ፈርመዋል። ጓድ ሆራ ያልተገኙበትን ስብሰባ እንዴት ሊፈርሙ እንደቻሉ ሲጠየቁ፣ እንዳልተደረገ በተቆጠረ ስብሰባ ላይ ሁሉም እኩል ያልተገኘ ነው ብለዋል።

ወይዘሮ ዲንቄ በዚያው ዕለት ጤፍ ይዘው መጥተው ስለነበር ወረቀቱ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ተነገራቸው። እሳቸውም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተቀምጠው መስማታቸውን ገልጸው ለመፈረም ጠየቁ። አባል አለመሆናቸው ተነገራቸው። ጓድ ሊቀ መንበሩ ግን እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ሰጧቸው። እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው፣ ሚዛኑ ላይ ተደግፈው፣ ሰባት ያህል ደቂቃ ወስደው ጻፉ። ከኋላ ወረፋ የያዙት ጠብቀዋል።

ከታች ከሚታዩት ስድስት ፊርማዎች ሊነበብ የሚችለው «ዲንቄ» የሚለው ብቻ ነው።

ዘመናይ፣ ጸሐፊ